እንደ ምሳው ሁሉ ቲቶሪያሉም ለሁሉም ይሁን

ይድረስ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ

ጉዳዩ፦ ተማሪዎችን በውጤት ለይቶ መመደብ እንዲቀርና የማጠናከሪያ ትምህርት ለሁሉም ልጆች እንዲሰጥ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

የሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አራዳ ክፍለ ከተማ፣ ከአራት ኪሎ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ውስጥ አስተምራለሁ። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ርዕሰ መምህራችን ጥሩ ሰው ናቸው፤ በእኔ ደብዳቤ ምክንያት ስብሰባ እንዲጠሩ አልፈልግም። ደግሞም የማወራው የአንድ ግቢ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሌላ ቦታ ያሉ የሙያ ጓደኞቼም የሚነግሩኝ ተመሳሳይ ነገር ነው።

ቀን ቀን ሃምሳ ምናምን ልጆች ፊት እቆማለሁ። አመሻሽ ላይ ደግሞ ቤት ለቤት አስጠናለሁ። የመምህር ደመወዝ ስንት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ ለምን እንደማስጠና ማብራሪያ አያስፈልገውም።

በሳምንት ሦስት ቀን የምሄድበት ቤት ግንፍሌ ነው። ልጁ ሰባተኛ ክፍል ነው። ጠዋት የግል ትምህርት ቤቱ ሰርቪስ ከበር ይወስደዋል፣ ማታ ከበር ያወርደዋል። ሳሎን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እናቱ ሻይ ያቀርባሉ። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ እኔና እሱ ብቻ ነን። ሲሳሳት እዚያው አየዋለሁ። የት ጋ እንደሳተ ወደ ኋላ ተመልሰን እንፈልጋለን። አንዳንዴ ስህተቱ የሰባተኛ ክፍል ሳይሆን የአራተኛ ክፍል ሆኖ እናገኘዋለን። እሱን አስተካክለን እንቀጥላለን።

ጎበዝ ልጅ ነው? ደህና ልጅ ነው። ክፍሌ ውስጥ ካሉት ልጆች የተለየ ጭንቅላት ግን የለውም። እነሱ የሌላቸው፣ እሱ ያለው አንድ ነገር ነው፤ አጠገቡ ቁጭ የሚል ሰው።

ከዚያው ግቢ አጥር ጀርባ የቀበሌ ቤቶች አሉ። አንዱ ውስጥ የእኔ ተማሪ ትኖራለች። እናቷ እንጀራ ጋግረው ይሸጣሉ። አንድ ማታ በሩን ላንኳኳ ስል አየችኝ። ጀሪካን ይዛ ውሃ ልትቀዳ እየሄደች ነበር። "ቲቸር፣ እኛ ቤትም ይመጣሉ?" አለችኝ። "እመጣለሁ" አልኳት። አልሄድኩም። ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ የእሷ ጥያቄ ነው።

የመሀል አዲስ አበባ ሰፈሮች እንዴት እንደነበሩ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ይሆናል። ፒያሳ በሉት ካዛንቺስ፣ ግንፍሌም ሆነ ሌላው፣ የባለጸጋው ቪላና የደሃው ጭቃ ቤት አንድ አጥር ይጋሩ ነበር። ቡና ይጠራሩ ነበር። እድሩ አንድ ነበር። ልጆቹ አንድ ሜዳ ላይ ኳስ ይራገጡ ነበር፤ ብዙዎቹም አንድ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከመቶ ዓመት በላይ በፊት ሲከፈት የመኳንንት ልጆች ነበሩ የሚበዙበት። በኋላ ግን የሹሙም የሊስትሮውም ልጅ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጦበታል። አባቴ የሚያወራውን ያህል ሁሉ ነገር ማር ነበር አልልም። ሽማግሌ ስለ ድሮ ሲያወራ ትንሽ መቀነስ ነው። ግን ልጅ ከልጅ ይተዋወቅ ነበር።

አሁን አጥሩን የሚጋሩት ልጆች እንኳ አይተዋወቁም። አንዱ በሰርቪስ ይሄዳል፣ ሌላዋ በእግሯ። አጥር መጋራቱም ራሱ እየቀረ ነው። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ሲነሱ ብዙ ቤተሰብ ወደ ዳር ሄደ፤ የካዛንቺሶቹ በብዛት ወደ ገላን ጉራ። ስለ ልማቱ ልጽፍ አይደለም የተነሳሁት። እኔ ያየሁት ዴስኩን ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ከክፍሌ ልጆች ጎደሉ። አንዳንዶቹ ትምህርት ቤታችንን አንለቅም ብለው ሌሊት ተነስተው በአውቶቡስ ይመጡ ነበር። ደርሰው ሲቀመጡ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አልቋል። ቢደርሱም ያንቀላፋሉ።

ልጆች በመኖሪያ እየተለያዩ ከሄዱ የሚገናኙበት ምን ቦታ ቀረ? ትምህርት ቤት። እኛ ግን እዚያም ውስጥ እንለያቸዋለን።

እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ሴክሽን ይደለደላል። ያለፈው ዓመት ሮስተር ይወጣና ከላይ ወደ ታች ይደረደራል። ከላይ ያሉት ኤ ይገባሉ። ቀጥሎ ቢ። እንዲህ እያለ እስከ ኤፍ ይወርዳል። ይህን አድርጉ የሚል መመሪያ አይቼ አላውቅም። ግን ይደረጋል፣ ምቹ ነዋ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ኤ ይታያል። የጥያቄና መልስ ውድድር ሲኖር ከኤ ይላካል። ልምድ ያለው መምህር ኤን ይጠይቃል፣ አዲስ የተመደበው ኤፍ ይሰጠዋል። እኔም ኤን ለምኜ አውቃለሁ። ሰው ነኝ።

ልጆቹ ግን ሁሉም ነገር ይገባቸዋል። አንድ ዓመት መስከረም ላይ ኤፍ ገብቼ ሰሌዳው ላይ ጥያቄ ጻፍኩ። "እስቲ ማን ይሠራታል?" አልኩ። ጸጥ። ከኋላ አንዱ፣ "ቲቸር፣ እኛ እኮ ኤፍ ነን" አለ። "ብትሆኑስ?" አልኩት። "ኤፍ ማለት ፌል ነዋ!" ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ቤቴ ስገባ ነው ያልሳቅኩት። ትምህርት በተጀመረ በሁለተኛ ሳምንቱ ነው ይህን ያለኝ። ገና አንድ ፈተና አልፈተንኩትም።

ደግሞ ኤፍ ውስጥ እነማን እንዳሉ አንድ በአንድ አየሁ። ዘመድ ጋ የተጠጉ ልጆች። ከክፍለ ሀገር መጥተው አማርኛው ገና አፋቸው ላይ ያልተፈታ። ከትምህርት በኋላ ጫማ የሚጠርጉ፣ ሎተሪ የሚያዞሩ። ቤታቸው ፈርሶ ሁለት ጊዜ ሰፈር የቀየሩ። ታናናሾቻቸውን የሚያሳድጉ ሴቶች ልጆች። በውጤት የደለደልን ይመስለናል እንጂ የደለደልናቸው በቤታቸው ነው።

ከዚያ ቲቶሪያል ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜ ይሰጣል ተባለ። ለማን? ከሃምሳ በታች ላመጡ። ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ፣ ባንዲራ ከተሰቀለ በኋላ፣ ስማቸው በማይክ ተጠራ። ዩኒት ሊደሩ ክፉ አስበው አይደለም። ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ ያለ ልጅ "አልሰማሁም" እንዳይል ብለው ነው። ቅዳሜ ጠዋት ጠመኔዬን ይዤ ጠበቅኩ። ከተጠሩት ሲሶው እንኳ አልመጣም። ከመጡት አንዷ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተሸፋፍና ነበር የገባችው። ጓደኞቿ ቤተ ክርስቲያን የሄደች እንዲመስላቸው ነው።

ከዚህ በፊት አንድ ለአምስትም ነበረን፤ ታስታውሳላችሁ። ጎበዙ አራቱን ይመራል፣ አምስቱ አብረው ያጠናሉ ተባለ። ሪፖርቱ ላይ ሁሉም ያጠና ነበር።

እሺ፣ ታዲያ ምን ይሻላል? መልሱ ግቢያችን ውስጥ ነው ያለው። እናንተው ናችሁ የሠራችሁት። ምገባው ነው።

ምገባው ሲጀመር በበጎ አድራጊዎች በኩል ለችግረኛ ልጆች ነበር። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ብዙ ልጅ ታድጓል። ግን ማን እንደሚበላ ማንም ያያል። የሚበላው ልጅ "የድሃ ልጅ" ነው። ስሙ ተጽፎ እያለ ራበኝ ላለማለት ሜዳ ላይ ሲሮጥ የሚውል ልጅ አውቅ ነበር። ከ2012 ጀምሮ ከተማ አስተዳደሩ ተረክቦ ለሁሉም አደረገው። ዩኒፎርሙንም ደብተሩንም እንዲሁ። ያን ጊዜ ምን ሆነ? እፍረቱ ጠፋ። ልጆቹ ሳህን ይዘው ይሰለፋሉ። ማን ቤቱ ቁርስ በልቶ መጣ፣ ማን ሳይበላ መጣ፣ መጋቢ እናቶች አይጠይቁም። ጠግቦ የመጣም ይበላል። ማንም "ይህ ልጅ ስላልራበው አይሰለፍ" አላለም። ካዝናውም አልፈረሰም።

እኔ የምለው ይኸው ነው። የማጠናከሪያውንም ሰዓት እንደ ምሳው አድርጉት። ለሁሉም። ማንም ስሙ ሳይጠራ።

አንድ ዓመት ሞክረነዋል። ሦስት መምህራን ሆነን ርዕሰ መምህሩን ለመንን። "ቅዳሜ ቲቶሪያል ለማንም፣ ከኤ እስከ ኤፍ" ብለን በሚኒ ሚዲያ አስነገርን። ሻይና ዳቦ ከኪሳችን አዋጣን። (ዳቦው ከፍ ያለ ሚና እንደነበረው አልክድም።) መጡ። ብዙ መጡ። የኤ ልጆችም መጡ፤ የእነሱ እናቶች እንዲህ ያለ ነገር አያመልጣቸውም።

ያን ጊዜ ያልጠበቅኩት ነገር ገጠመኝ። ከኤ ሴክሽን አንዲት ሰቃይ አለች፤ በየሴሚስተሩ አንደኛ የምትወጣ። ሁለት ሦስተኛና ሦስት አራተኛ ከየትኛው እንደሚበልጥ ለአንድ የኤፍ ልጅ እንድታስረዳው ጠየቅኳት። ደንቡን በቃሏ ነገረችው። ልጁ፣ "እሺ፣ ግን ለምን?" አላት። ዝም አለች። አታውቀውም ነበር። ታባዛለች፣ ታጣፋለች፣ መልሱ ይመጣል፤ ለምን እንደሚመጣ ግን ጠይቋት የሚያውቅ የለም። ልጁ ዳቦውን አወጣና ሁለቱ ተያይዘው ቆረሱት። አንዱን ለሦስት፣ አንዱን ለአራት። ሦስት አራተኛው የጎደለው ሩብ ነው፣ ሁለት ሦስተኛው የጎደለው ሲሶ ነው። ሩብ ከሲሶ ያንሳል። ትንሽ የጎደለው ይበልጣል። ያንን ያገኘው የኤፉ ልጅ ነው። ማታ ማታ አክስቱ ጉልት ላይ ሽንኩርት በመደብ እየከፋፈለ የሚያመሽ ልጅ ነው።

ተጨማሪ ትምህርት የሚያስፈልገው ለሰነፍ ነው የሚለውን ነገር ከዚያ ቀን ወዲህ አላምንበትም። ሁሉም ልጅ ቀዳዳ አለው። የአንዳንዱ በውጤት ተሸፍኗል።

መቀላቀል ሲባል ደግሞ የአካል ጉዳት ያለባቸውንም ልጆች ማሰብ አለብን። አንድ ጊዜ ማየት የተሳነው ልጅ ክፍሌ ተመደበ። እውነቱን ልናገር? ደነገጥኩ። ሒሳብን እንዴት ነው ለማያይ ልጅ የማስተምረው? መጀመሪያው ቀን ሰሌዳው ላይ እየጻፍኩ፣ "ይህንን ከዚህ ላይ ስንቀንስ ይህ ይመጣል" አልኩ። እጁን አወጣና፣ "ቲቸር፣ ይህ ማለት የቱ ነው?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ "ይህ" ማለት ክልክል ሆነብኝ። "ሦስት ኤክስን ከሰባት ኤክስ ላይ ስንቀንስ አራት ኤክስ ይቀራል" ማለት ጀመርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ የማደርገውን በቃል ተናገርኩት። ወሩ ሲያልቅ የሌሎቹ ልጆች ደብተር ተለወጠ። ከኋላ ዴስክ የሚቀመጡት፣ ሰሌዳው በደንብ የማይታያቸው፣ መነጽር የሚያስፈልጋቸው ግን ያልተገዛላቸው፣ ሁሉም መከተል ቻሉ። አጠገቡ የተቀመጠው ልጅ ደግሞ ጥያቄ እያነበበለት ራሱ ጥያቄ ማንበብ ለመደ። ፈተና ላይ ጥያቄውን ሳይጨርሱ መልስ መጻፍ የልጆቻችን ትልቁ በሽታ ነው።

የሕግ ባለሙያዋና የአካል ጉዳተኞች መብት ተሟጋቿ የትነበርሽ ንጉሤ እዚሁ ሰፈራችን፣ ዳግማዊ ምኒልክ ነው የተማረችው። ሻሸመኔ ካለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት መጥታ ከሚያዩ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ገባች። እ.ኤ.አ. በ2017 ዓለም አቀፍ ሽልማት ስትቀበል አየናት። አገራችንም የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። ሕጉ አለ። የጎደለው የብሬል ወረቀት፣ ልዩ ፍላጎት መምህርና ጊዜ ነው። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ማካተት ማለት ልጁን ክፍል ውስጥ አስቀምጦ መተው አይደለም። መስማት የተሳነው ልጅ ያለ ምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ሃምሳ ልጆች መሀል ከተቀመጠ ብቻውን ነው የተቀመጠው። መቀላቀልና መደገፍ አንዱ ካለሌላው አይሠራም።

ይህን የመለየትና የመቀላቀል ጉዳይ እኛ አልፈጠርነውም። አሜሪካኖች ብዙ ዋጋ ከፍለውበታል። እ.ኤ.አ. በ1954 ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው ጥቁርና ነጭ ልጆችን ለይቶ ማስተማር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ በሙሉ ድምፅ ወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1957 ሊትል ሮክ በምትባል ከተማ ዘጠኝ ጥቁር ተማሪዎች ትምህርት ቤት እንዲገቡ ወታደር ማጀብ ነበረበት። በሩ ተከፈተ። ግን ብዙ ቦታ በአንድ በር የገቡት ልጆች ውስጥ ሲደርሱ እንደገና ተለያዩ። የላቁት ክፍል፣ መካከለኛው ክፍል፣ የደካሞቹ ክፍል። የላቁት ክፍል ውስጥ የሚበዙት ነጮች ነበሩ። የእኛ ኤ እና ኤፍ ከዚህ በምን ይለያል?

ከኒውዮርክ ከተማ አቅራቢያ ሮክቪል ሴንተር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የከተማዋ ትምህርት ቤቶች ይህንን መደልደል ቀስ በቀስ ተዉት። ቀድሞ ለተመረጡ ብቻ ይሰጥ የነበረውን ከበድ ያለ ሒሳብ ለሁሉም ልጅ ሰጡ። ግን እንዲሁ አልወረወሯቸውም። ድጋፍ ለሚሻ ልጅ ከመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሌላ ተጨማሪ የሒሳብ ጊዜ አዘጋጁ። ከፍ ያለ ሒሳብ የሚወስዱ ልጆች በዙ፣ ጥቁሮቹም ነጮቹም። የተፈራው ነገር፣ ጎበዞቹ ይወርዳሉ የተባለው፣ አልሆነም። ፊንላንዶችም እ.ኤ.አ. በ1985 ልጆችን በደረጃ መክፈሉን ከሒሳብና ከቋንቋ ትምህርት ሲያወጡ ያደረጉት ተመሳሳይ ነው። ወደ ኋላ የቀረ ልጅን የሚደግፍ መምህር እዚያው ትምህርት ቤቱ ውስጥ አለ፤ ብዙ ልጅ በሆነ ጊዜ እዚያ ጎራ ስለሚል የሚያፍርም የለም።

"እነሱ ሀብታም ናቸው" እንደምትሉ አውቃለሁ። እውነት ነው። ግን እኛም እኮ ገንዘቡን እያወጣነው ነው፤ ዘግይተን።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናን ተመልከቱ። በ2014 ዓ.ም. ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት በአገር አቀፍ ደረጃ 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። መሻሻል አለ፤ ላጣጥለው አልፈልግም። ግን ከመቶ ከዘጠና በላዩ ወድቋል። መንግሥት ምን አደረገ? ሪሚዲያል አመጣ። ካላለፉት ውስጥ የተሻለ ነጥብ ያላቸውን ዩኒቨርሲቲ አስገብቶ ለወራት እንደገና ማስተማር ጀመረ። ማለትም ልጅ ተጨማሪ ድጋፍ ካገኘ ይችላል የሚለውን ነገር መንግሥትም ያምንበታል። ያመነው ግን ልጁ ጺም ካበቀለ በኋላ ነው። የዓለም ባንክ እንደሚለው እኛ አገር ከአሥር የአሥር ዓመት ልጆች ዘጠኙ ቀላል ጽሑፍ አንብበው አይረዱም። ሪሚዲያሉ መጀመር የነበረበት እዚያ ነው።

አሁን ትምህርት ቤቶቻችን የሚሰጡት ማጠናከሪያ በአብዛኛው ስድስተኛ፣ ስምንተኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነው፤ ፈተናው ስላለ። ሦስተኛ ክፍል ያለ ልጅ ሚኒስትሪ የለውም። ስለዚህ ማንም አይፈልገውም። ስምንተኛ ክፍል ሲደርስ እኔ ጋ ይመጣል። እኔም የሦስተኛ ክፍሉን ቀዳዳ ልድፈን ወይስ የስምንተኛውን መጽሐፍ ልጨርስ እያልኩ ዓመቱ ያልቃል።

የምጠይቀውን በግልጽ ላስቀምጥ። በመጀመሪያ፣ ነሐሴ ላይ ሴክሽን ሲደለደል ከላይ ወደ ታች መቁረጡ ይቅር። ኤ ላይ አንደኛውም ሃምሳኛውም ይግቡ፤ ኤፍ ላይም እንዲሁ። ይህ አንድ ብር አያስወጣም። ለትምህርት ቤቶች የአንድ ገጽ ሰርኩላር ይበቃል።

የማጠናከሪያው ሰዓት ደግሞ ከታችኛው ክፍል ጀምሮ የሁሉም ልጅ ይሁን። ያን ሰዓት ልጆቹን በሚጎድላቸው ነገር እናቧድናቸው። አንዱ ቡድን ክፍልፋይ፣ አንዱ ንባብ፣ አንዱ ከበድ ያለ ጥያቄ። ሕንድ አገር ፕራታም የሚባል ድርጅት ልጆችን በዕድሜና በክፍል ሳይሆን በደረሱበት የንባብና የቁጥር ችሎታ እያቧደነ በቀን ጥቂት ሰዓት ያስተምራል፤ ውጤቱ ታይቷል። "ይህስ ያው መለየት አይደለም ወይ?" የሚል ይኖራል። አይደለም። ክፍልፋይ ያልገባው ልጅ ክፍልፋይ ሲገባው ከዚያ ቡድን ይወጣል። ከኤፍ ግን በምን ይወጣል?

ማን ያስተምር የሚለው ከባዱ ጥያቄ ነው፤ አድበስብሼ አላልፈውም። ቅዳሜን በነጻ የሚሰጥ መምህር አንድ ሴሚስተር ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ግን አይችልም። ቤት ለቤት ሄጄ የማገኘውን ግማሽ ያህል እንኳ ብትከፍሉኝ እኔ በበኩሌ ቅዳሜን ለእናንተ እሰጣለሁ። ሌሎችም አሉ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎና ስድስት ኪሎ ካምፓሶች ከእኛ በእግር የሚደረስባቸው ናቸው። የዩኒቨርሲቲው ልጆች ክረምት ላይ በበጎ ፈቃድ ያስተምራሉ፤ መስከረም ሲጠባ ይጠፋሉ። የታክሲና የምሳ ገንዘብ ብታስቡላቸው ዓመቱን ሙሉ የሚመጣ አይጠፋም። ሳይንስ ፋኩልቲ ያለ የሦስተኛ ዓመት ልጅ ለአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ከበቂ በላይ ነው።

የጎበዝ ልጆች ወላጆች እንደሚቆጡም አውቃለሁ። ሁለቱ ቢሮ ድረስ መጥተውብኛል። አንዱ አባት፣ "ልጄን ከማንም ጋር ቀላቅለህ ልታዘቅጠው ነው?" አሉኝ። ቅር አላለኝም። ልጃቸውን ነው የፈሩለት። ቅዳሜ ይምጡና ይዩ አልኳቸው። መጡ። ከኋላ ቁጭ ብለው አዩ። ወጥተው ሲሄዱ ምንም አላሉኝም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ልጁ ቀድሞ ተገኝቷል።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ትንሽ ነገር ናት።

ግንፍሌ የማስጠናው ልጅ ስለ ቅዳሜው ሰማ። እናቱ፣ "እሱም ቢመጣ ምን ይላሉ?" አሉኝ። ቤት ብቻውን ከሚያጠና ከእኩዮቹ ጋር ቢያጠና ይሻለዋል ብለው ነው። ኪሴን ይጎዳዋል፤ ግን ደስ አለኝ። ቅዳሜ ጠዋት 2፡30 ላይ መጣ። ጥበቃው አላስገባውም። ዩኒፎርም የለውም፣ መታወቂያው የሌላ ትምህርት ቤት ነው። ጥበቃው ልክ ናቸው፤ የታዘዙትን ነው የሠሩት። እኔ ወጥቼ ለመንኩ። "ደብዳቤ አምጣ" አሉኝ። ልጁ አጥሩን ተደግፎ ትንሽ ቆመና ሄደ። የእንጀራ ሻጯ ልጅ ከውስጥ ሆና አየችው። "ያ ልጅ ጎረቤታችን ነው፤ ስሙን ግን አላውቀውም" አለችኝ።

እና የመጨረሻው ጥያቄዬ ይህ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ፣ የመንግሥትም የግልም ትምህርት ቤት ተማሪ፣ ወደ ግቢው መግባት እንዲችል ፈቃድ ስጡን። ማኅተም ያለባት አንዲት ደብዳቤ ትበቃለች። ለጥበቃው የማሳያት።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የሒሳብ መምህር
አራዳ ክፍለ ከተማ

ግልባጭ፦
ለሰፈሩ ወላጆች
ለአቶ ጥበቃ